ገናና ስጦታ፦ ከጳጳሱ ከረጢት እስከ መደብሩ መስታወት

ታኅሣሥ በገባ ቁጥር የሚነሣ አንድ ቅሬታ አለ፤ ገና የሃይማኖት በዓልነቱ ቀርቶ የነጋዴ በዓል ሆነ የሚል። በአሜሪካና በአውሮፓ ብቻ ሳይሆን አዲስ አበባም ይሰማል፤ ፕላስቲክ የገና ዛፍ በየሱቁ ደጃፍ ሲቆም፣ ቀይ ካፖርት የለበሰ የገና አባት በጠራራ ፀሐይ ላቡን እየጠረገ ከሕፃናት ጋር ፎቶግራፍ ሲነሣ። ቅሬታው መሠረተ ቢስ አይደለም። ቅደም ተከተሉን ግን እንሳሳታለን። ድሮ ንጹሕ የቤተ ክርስቲያን ስጦታ ነበረ፣ ኋላ ነጋዴ መጥቶ ነጠቀው የሚለው ትረካ ሰነዶቹ ሲገለጡ አይጸናም። የብርድ ወራት ስጦታ ከክርስትና በፊት ነበረ፤ የጥንት ጳጳሳትም አጥብቀው ተቃውመውታል። ዛሬ የምናውቀው ለልጆች የሚገዛው የገና ስጦታ ደግሞ ከመጀመሪያውም የተወለደው በነጋዴ እጅ ላይ ነው። ስለዚህ እኔን የሚያሳስበኝ ስጦታው ስንት ብር ወጣበት የሚለው አይደለም፤ ከማን ወደ ማን ይሄዳል የሚለው ነው። (ካልተገለጸ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሮም እንጀምር። ሮማውያን ሳተርን ለተባለ አምላካቸው የሚያደርጉት፣ ዲሴምበር 17 የሚጀምር ሳተርናሊያ የሚሉት በዓል ነበራቸው። ፍርድ ቤት ይዘጋል፣ ቁማር ይፈቀዳል፣ ባሪያ ከጌታው ማዕድ ይቀመጣል። በገና ጨዋታ ሎሌ ጌታውን በዱላ ቢነካው እንኳ ጌታ እንዳይቆጣ የሚያዘውን የእኛን ልማድ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም፤ ሁለቱን የሚያያይዝ የታሪክ ክር ግን የለም። በሳተርናሊያ ሰዎች የሰም ሻማና ከሸክላ የተሠሩ ትንንሽ ምስሎች ይለዋወጡ ነበር። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ገጣሚ ማርሻል ከስጦታ ጋር የሚላኩ ባለ ሁለት መስመር ግጥሞችን በመጽሐፍ አሰባስቧል። ዝርዝሩ ውድ ጠረጴዛም የጥርስ መጎርጎሪያም አለበት፤ የሀብታሙንና የድኻውን ስጦታ እያፈራረቀ ነው የደረደረው። ኪሱ ለሳሳበት ሰውም ስጦታውን ትቶ ግጥሙን ብቻ እንዲልክ ይመክራል። ከአሥራ ዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት የተዘጋጀ የበዓል ገበያ ካታሎግ ብንለው ብዙ አንስትም።

ይህ በእኩዮች መካከል የሚደረገው ነው። ጃንዋሪ 1 የሚውለው የሮማውያን አዲስ ዓመት ግን ሌላ መንገድ ነበረው፤ ስጦታው ሽቅብ ይወጣል። ሕዝቡ ለንጉሠ ነገሥቱ ገንዘብ ያመጣል። ስዌቶንዮስ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ እንደሚተርከው ንጉሠ ነገሥት ካሊጉላ በዚያ ቀን የቤተ መንግሥቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ከመጣው ሕዝብ ገንዘቡን በገዛ እጁ ይቀበል ነበር። የእኛ አያቶች ይህን እጅ መንሻ ይሉታል። ወደ ጌታው ደጅ ባዶ እጁን የሚሄድ ባላገር አልነበረም፤ የሰጠውም ተርፎት አልነበረም።

በ400 ዓ.ም. ጃንዋሪ 1 ቀን በዛሬይቱ ቱርክ ውስጥ የምትገኘው የአማስያ ጳጳስ አስቴርዮስ በዚሁ ልማድ ላይ ስብከት አቀረበ። ስብከቱ እስከ ዛሬ አለ፣ ፍሬ ነገሩም አልጠወለገም። ይህን ምን ብለን እንጥራው ይላል። ወዳጅነት እንዳንለው፣ ወዳጅ በሰጠው ልክ አይጠብቅም። ምጽዋት እንዳንለው፣ ለድኻ የሚደርሰው ነገር የለም። ውል እንዳንለው፣ ማንም ወዶ አልፈረመም። ታናሹ ለበላዩ ይሰጣል፣ ያኛውም ካለው ጨምሮ ከእሱ ለሚበልጠው ያቀርባል፣ ሁሉም ተጠራቅሞ ከታላላቆቹ ቤት ይገባል። ወታደሩ ደመወዙን ይጨርሳል፤ ገበሬው በዚያ ቀን ወደ ከተማ ከመግባት ይሸሻል። ሕፃናት በብር ቀለም የተለበጠ ፍሬ ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ የእጥፍ ዋጋ ተቀብለው ስለሚመለሱም ስስትን ገና በልጅነታቸው ይማራሉ። የይሉኝታን ሸክም የሚያውቅ አበሻ ይህን ሲያነብ ጳጳሱ ጎረቤቱ የነበረ ይመስለዋል። በሰሜን አፍሪካ የነበረው አውግስጢኖስም በዚያው ዘመን ምእመናኑን በአዲስ ዓመት መለዋወጡን ለአረማውያን ትታችሁ እናንተ መጽውቱ ይላቸው ነበር።

እንግዲህ በአራተኛውና በአምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን የቆመችው እዚህ ላይ ነው፤ መስጠት አዎ፣ መለዋወጥ አይ። ሰብአ ሰገል ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ማምጣታቸው በማቴዎስ ወንጌል ተጽፏል፤ ኋላ ስጦታን ለመደገፍ ሁሉም የሚጠቅሰው ይህንኑ ነው። ቢሆንም በምዕራቡ ዓለም ለብዙ መቶ ዓመታት የስጦታ ቀን የልደት ዕለት አልነበረም። ወይ አዲስ ዓመት ነው፣ ወይ የሰብአ ሰገል መታሰቢያ የሆነው ጃንዋሪ 6፣ ወይ ደግሞ ዲሴምበር 6፣ የቅዱስ ኒቆላዎስ ቀን። የስፔን ልጆች እስከ ዛሬ የሚጠብቁት ሦስቱን ነገሥታት ነው።

የኒቆላዎስ ታሪክ ረጋ ብለን ልናየው ይገባል። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሚራ ጳጳስ ነበር፤ ሚራ ዛሬ በደቡብ ቱርክ ዴምሬ የምትባለው ናት። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በስንክሳሯ ታኅሣሥ 10 ታስበዋለች። በአውሮፓውያን ዘንድ ይህ ዲሴምበር 19 ነው፤ በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር ሲመነዘር ደግሞ ያው ዲሴምበር 6 ይሆናል፤ አንድ ቀን ነው። በትውፊት የሚነገረው እንዲህ ነው። አንድ ባለጸጋ ሀብቱ ያልቅና ሦስት ሴቶች ልጆቹን የሚድርበት ያጣል፤ ከችግር ብዛት ለዝሙት ሥራ ሊሰጣቸው ያስባል። ኒቆላዎስ ይህን ሲሰማ በሌሊት መጥቶ ወርቅ የሞላበት ከረጢት በመስኮት ይጥላል። አንደኛዋ ትዳራለች። ይደግመዋል፣ ይሠልሰዋል። በመጨረሻው ሌሊት አባትየው አድፍጦ ይይዘዋል፤ እሱም ለማንም እንዳይናገር ይለምነዋል። ስጦታው የሄደው ለቸገረው ሰው ነው፤ የሄደው በሌሊት ነው፤ ብድር እንዳይመለስም ሰጪው ራሱን ደብቋል። አስቴርዮስ ካወገዘው ሁሉ ተቃራኒ ነው።

በ1087 የባሪ ከተማ መርከበኞች ዐፅሙን ከሚራ ወስደው ወደ ኢጣሊያ አሻገሩት፤ ስሙ ያን ጊዜ በምዕራብ አውሮፓ ገነነ። የመርከበኛ፣ የነጋዴና የሕፃናት ጠባቂ ተባለ። በኔዘርላንድስ ሲንተርክላስ ሆኖ ዲሴምበር 5 ማታ በልጆች ጫማ ውስጥ ጣፋጭ ያኖራል። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ ሲመጣ የቅዱሳን ክብር በጀርመን ምድር ቀነሰ፤ ስጦታውን የሚያመጣው ሕፃኑ ክርስቶስ ነው መባል ጀመረ፣ ቀኑም ወደ ልደት ተሸጋገረ። በኑረምበርግ በሕፃኑ ክርስቶስ ስም የሚጠራው የገና ገበያ መኖሩ ከ1628 ጀምሮ ይታወቃል። ቅዱሱ ሲወርድ ገበያው አብሮት አልወረደም።

እንግሊዝ ውስጥ የነበሩት ፑሪታኖች ከዚህም ገፉ። በ1647 ፓርላማው ገናን ከነጭራሹ ሻረ። ባሕር ማዶ የማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት በ1659 ገናን ሥራ ፈትቶ ወይም ደግሶ ያከበረ ሰው አምስት ሽልንግ እንዲቀጣ ደነገገ፤ ሕጉ የተነሣው በ1681 ነው። ምክንያታቸው ሁለት ነበር። አንዱ ዕለቱ በመጽሐፍ ቅዱስ አልተጠቀሰም የሚል ነው። ሌላው የበዓሉ ጠባይ ነበር። ዲሴምበር አዝመራው የተሰበሰበበት፣ ከብት የሚታረድበት፣ ጠላ የሚደርስበት፣ ገበሬው እጁን የሚያሳርፍበት ወር ነው። ወጣቶች በቡድን እየዘፈኑ የባለጸጋ በር ያንኳኳሉ፣ ምግብ፣ መጠጥና ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ ያወድሳሉ፣ ካልተሰጣቸው ይሳደባሉ። ሆያ ሆዬን አስቡት፤ ጨፋሪዎቹን ግን ከልጅነት አውጥታችሁ የሰከሩ ጎልማሶች አድርጓቸው። ይህም ስጦታ ነው፤ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ፣ በውዴታም በግዴታም የሚወጣ።

የዛሬው ገና የተሠራው በኒው ዮርክ ነው፤ የተሠራውም ይህን የበር ማንኳኳት ለማስቀረት ነው። እንዲህ ያለው የታሪክ ሊቁ ስቲቨን ኒሰንባም ነው፤ በ1996 ስለ ገና ባሳተመው መጽሐፍ። እኔም ከሌሎቹ ማብራሪያዎች ሁሉ ይህ ያሳምነኛል። ከተማዋ በ1800 ወደ 60 ሺህ ነዋሪ ነበራት፤ በ1830 ከ200 ሺህ አለፈች። በቀድሞው መንደር በር የሚያንኳኳው የምታውቀው ጭሰኛ ነበር። አሁን ግን የብርድ ወራት ሲገባ ከሥራ የተባረረ የማይታወቅ ሕዝብ ሆነ፤ ቆርቆሮ እየደበደበ፣ መለከት እየነፋ በሌሊት ጎዳናውን ያጥለቀልቃል። የከተማዋ ከበርቴዎች ተጨነቁ። ከእነሱ አንዱ የኒው ዮርክ የታሪክ ማኅበርን የመሠረተው ነጋዴ ጆን ፒንታርድ ነበር። በ1810 ዲሴምበር 6 ማኅበሩ የቅዱስ ኒቆላዎስን እራት አዘጋጀ፤ ፒንታርድ ጳጳሱን ከሕፃናት ስጦታ ጋር የሚያሳይ ሥዕል አሳትሞ አደለ። ደራሲው ዋሽንግተን ኧርቪንግም አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ባወጣው ቀልደኛ የከተማዋ ታሪክ ቅዱሱን የኔዘርላንድስ ሰፋሪዎች ጠባቂ አድርጎት ነበር። ከዚያ በ1823 ዲሴምበር 23 ቀን በኒው ዮርክ ግዛት የትሮይ ከተማ ጋዜጣ የኒቆላዎስን መምጣት የሚተርክ ስም የለሽ ግጥም አወጣ። ኋላ ደራሲው ክሌመንት ክላርክ ሙር መሆኑ ተነገረ፤ ዛሬም በዚህ የሚከራከሩ አሉ። ሙር የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት መምህርና የሰፊ መሬት ባለቤት ነበር።

በዚህ ግጥም ጳጳሱ ካባውንና መስቀሉን ጥሎ ፒፓ የሚያጨስ ደስተኛ ድንክ ሽማግሌ ሆነ። በበር አያንኳኳም፤ በጭስ ማውጫ ይገባል። የሚጠይቀውም የለም፣ ሰጥቶ ይሄዳል። ዋናው ለውጥ ግን ተቀባዩ ነው። ያ ከበር ውጭ ቆሞ የነበረው ድኻ ጠፋ፤ በቦታው አልጋቸው ላይ የተኙ የቤቱ ልጆች ተተኩ። ስጦታው ወደ ላይም ወደ ታችም መሄዱ ቀረና ወደ ውስጥ ዞረ። ልጆቹን ለማስደሰት ደግሞ ዳቦና ጠላ አይበቃም፣ ከሱቅ የሚገዛ ነገር ያስፈልጋል። አሳታሚዎች ቀድመው ነቁ። በ1825 መጨረሻ ፊላደልፊያ ውስጥ አትላንቲክ ሱቬኒር የተባለ መጽሐፍ ታተመ፤ ገዢው ራሱ እንዲያነበው ሳይሆን ለሌላ ሰው እንዲሰጠው ታስቦ የተዘጋጀ ያማረ የበዓል መጽሐፍ ነው። ነጋዴው በዓሉ እስኪበስል ቆይቶ የመጣ አልነበረም።

እንግሊዝ ውስጥ ቻርልስ ዲከንስ መንገዱን ትንሽ ለማቃናት ሞከረ። በዲሴምበር 1843 ባወጣው የገና ታሪክ ስክሩጅ የተባለው ስስታም ሲጸጸት ለድኻ ጸሐፊው ቤተሰብ ትልቅ የቱርክ ዶሮ ይልካል፤ ያውም ማን እንደላከው ሳይናገር። ኒቆላዎስ እዚህ ላይ ለአፍታ ብቅ ይላል። መጽሐፉ 6,000 ቅጂ ታትሞ ገና ሳይደርስ አለቀ፤ ዲከንስ ግን ኅትመቱን ስላሳመረው ያሰበውን ያህል አላተረፈም። በዚያው ዓመት ሄንሪ ኮል የተባለ የለንደን ሰው የመጀመሪያውን የገና ካርድ አሠርቶ አንዱን በአንድ ሽልንግ ሸጠ። ለብዙ ሠራተኛ ያ ቀላል ገንዘብ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለውን በፍጥነት ልለፈው፤ አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋል። ሠዓሊው ቶማስ ናስት በ1863 መጀመሪያ፣ በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት መካከል፣ ሳንታ ክላውስ የሚባለውን የገና አባት የሰሜኑን ጦር ሰፈር ሲጎበኝ ሣለው። ሜሲስ የተባለው የኒው ዮርክ መደብር በ1874 የመስታወት መስኮቱን በአሻንጉሊት ሞላ። በ1890 ጄምስ ኤድጋር የተባለ የማሳቹሴትስ ነጋዴ ራሱ ሳንታን ለብሶ በመደብሩ ውስጥ ተንጎራደደ። ቀዩን ልብስ ኮካ ኮላ ፈጠረው ይባላል፤ ስሕተት ነው። ኩባንያው በ1931 ያሠራው የሃደን ሰንድብሎም ሥዕል መልኩን አጸናው እንጂ ቀዩ ልብስ አስቀድሞም ነበር። አፍንጫው የሚያበራው አጋዘን ሩዶልፍ ግን ሙሉ በሙሉ የመደብር ልጅ ነው፤ በ1939 የሞንትጎመሪ ዋርድ የማስታወቂያ ጸሐፊ ሮበርት ሜይ ፈጠረው፣ መደብሩም በዚያው ዓመት 2.4 ሚሊዮን ቅጂ በነጻ አደለ። በዚያው 1939 ፕሬዝዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በቸርቻሪዎች ልመና የምስጋና ቀንን በአንድ ሳምንት አስቀደሙት፤ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው የገና ገበያ ይረዝም ዘንድ። ግማሾቹ ግዛቶች ተቀበሉ፣ ግማሾቹ እምቢ አሉ፤ ኮንግረስ በ1941 በሕግ እስኪወስነው ድረስ አሜሪካውያን በሁለት የተለያየ ሐሙስ ያመሰግኑ ነበር።

አንድ የተረሳ ነገር ግን ማለፍ አልፈልግም። በ1912 ኒው ዮርክ ውስጥ ኤሊኖር ሮብሰን ቤልሞንትና የባንክ ከበርቴው የጄ ፒ ሞርጋን ልጅ አን ሞርጋን ከሠራተኛ ሴቶች ጋር ሆነው የማይረባ ስጦታን የሚከላከል ማኅበር አቋቋሙ። የቀድሞው ፕሬዝዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልትም አባል ሆኑ። ማኅበሩን የወለደው የመደብር ሴት ሻጮች ብሶት ነው። እነዚህ ሴቶች በታኅሣሥ እስከ ሌሊት ቆመው ይሸጣሉ፤ ከዚያች ትንሽ ደመወዛቸው ላይ ደግሞ ለአለቆቻቸው የገና ስጦታ መግዣ እንዲያዋጡ ይገደዳሉ። ያላዋጣች ሴት ሥራዋ ያሰጋታል። ከካሊጉላ ደጃፍ 1,900 ዓመት ያህል ርቀናል፤ ስጦታው ግን አሁንም ሽቅብ እየወጣ ነበር። ማኅበሩ ብዙ ዓመት አልቆየም፤ ጥያቄው ግን ከብዙ የገና ስብከት ይልቅ ወደ ኒቆላዎስ የቀረበ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ኢኮኖሚስቶችም አልቀሩም። ጆኤል ዋልድፎጌል በ1993 ባሳተመው ጥናት ተማሪዎቹን የተሰጣችሁን ዕቃ ራሳችሁ ብትገዙት ስንት ትከፍሉበት ነበር ብሎ ጠየቀ፤ ከስጦታው ዋጋ ከአሥር በመቶ እስከ አንድ ሦስተኛ የሚደርሰው ባክኗል የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። ስሌቱ ትክክል ሊሆን ይችላል። እናቷ የሠራችላትን ሹራብ በብር መዝና የምትመልስ ልጅ ግን እኔ አላውቅም።

ጎረቤት በዓላትም ተስበዋል። ሐኑካ በአይሁድ ሃይማኖት ከታላላቆቹ በዓላት አንዱ አልነበረም፤ በምሥራቅ አውሮፓ ለልጆች ጥቂት ሳንቲም ይሰጥ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ግን ከገና ጋር በአንድ ወር በመዋሉ የስጦታ በዓል ሆኖ ገዘፈ። ቤተ እስራኤሎች ኢትዮጵያ ሳሉ ሐኑካን አያከብሩም ነበር፤ እስራኤል ገብተው ነው ከነሻማውና ከነስጦታው የተቀበሉት። ሶቪየት ኅብረት ደግሞ ገናን ከልክላ በ1935 መጨረሻ ዛፉንና ስጦታውን ለአዲስ ዓመት ፈቀደች። ስጦታው ያለ ሃይማኖት መኖር እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ያም ሆኖ ገበያው ያልነካው አንድ ነገር ቀርቷል። ወላጅ ከደመወዙ ቆጥቦ የገዛውን አሻንጉሊት በሌሊት አስቀምጦ የገና አባት አመጣው ይላል። ምስጋናውን ለሌላ አሳልፎ ይሰጣል፤ ልጁም ለወላጁ ብድር የመመለስ ዕዳ አይኖርበትም። ጳጳሱ አባትየውን ለማንም አትንገር ያለው ለዚህ ነበር። ውሸት ነው ብለው የሚቃወሙ ወላጆች አሉ፤ እኔ ግን ከበዓሉ ሁሉ ወደ ሥሩ የቀረበው ይህ ክፍል ይመስለኛል። የጎደለው ተቀባዩ ከቤቱ ግድግዳ አለማለፉ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የገና ስጦታ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሰጥ ነገር አልነበረም። የነቢያት ጾም ይጾማል፣ ታኅሣሥ 29 ይፈሰካል፣ ለልጅ አዲስ ልብስ ይገዛል፣ ለጎረቤትና ለነዳይ ከድግሱ ይደርሰዋል። በዋሽንግተንና በለንደን ያሉ ወገኖቻችን በሁለት ገና መካከል ናቸው፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ እንዳያንስ ዲሴምበር 25 ስጦታ ይከፍታል፣ ጃንዋሪ 7 ነጠላ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ይህን እንደ ውድቀት የሚያዩ አሉ። እኔ አልፈርድባቸውም፤ ልጅ ማስደሰት ኃጢአት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ እየተስፋፋ ያለው ግን የኒቆላዎስ ወግ ሳይሆን የ1820ዎቹ የኒው ዮርክ ወግ መሆኑን ማወቁ ይጠቅማል። ከድግሱ ለነዳይ የምንልከው ድርሻ ከከረጢቱ ታሪክ ጋር የቀረበ ዝምድና አለው፤ ለዛፉ ቦታ ስናመቻች እሱን አንግፋው።

ታኅሣሥ 10 ከገና 19 ቀን ይቀድማል። በዚያ ቀን ስሙን ሳይናገር ዶሮ መግዣ ለጎረቤቱ ሊልክ የሚፈልግ ሰው ካለ አሁኑኑ ያስብበት፤ ቅዱሱን ያስባል፣ ዶሮውም ያን ጊዜ ገና አልተወደደም።